የአዋላጇ መኪና ገላዋን ስትታጠብ

የባሕር ዳር መንደሯ ኩሪሃማ ተወልዶ ያቺን መኪና የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ከተማ ሆስፒታል ወስደው ያስወለዱት ነው፣ ወይ ውለታ ቢስ ነው። ፊቷ ክብ፣ መብራቶቿ የፈጠጡ፣ ስትቆጣ ሆዷን የምትነፋ ዓሣ የምትመስል ትንሽዬ መኪና ነበረች። እማማ ሺጌኖ በአዋላጅነት ሲሯሯጡባት በነበረበት ዘመን፣ የሞተሯ ድምፅ ከባሕሩ ዳር መንገድ ሲሰማ የሠፈሩ ሰው መስኮቱን ከፍቶ “የማነው ተራ?” ይል ነበር። ኋላ ሆስፒታል ተከፈተ፤ እማማ ሺጌኖም አረጁ፤ መኪናዋ ከቤታቸው ጀርባ ካለው ማከማቻ ገብታ፣ የዓሣ መረብና አሮጌ ብርድ ልብስ ተሸክማ፣ ባሕሩ በሚልከው ጨዋማ አየር ቀስ እያለች በዝገት ትበላ ጀመር።

ከዚያ ያወጣቻት የልጅ ልጃቸው ካናኤ ናት።

ካናኤን ማንም አላስተማራትም። ይህን ራሷ ትናገራለች፤ ሳትጠየቅም ትናገራለች። ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ ባለው የበረዶ ፋብሪካ ትሠራለች። ብየዳ የለመደችው እዚያው፣ የተሰበረ የበረዶ ጋሪ እየበየደች ነው። ላሜራ ማቅናት የለመደችው ደግሞ አበላሽታ፣ ራሷን ተሳድባ፣ እንደገና አበላሽታ ነው። የሠፈሩ ሰው “ምላሷ ስለት ነው” ይላታል። እሷ ግን “እጄን ገና አላያችሁትም” ባይ ናት።

እማማ ሺጌኖ ሰማንያዎቹን ሊጨርሱ ምንም አልቀራቸውም። ባለፈው የበረዶ ወራት አንድ ምሽት ካናኤ ጉልበታቸውን እያሸችላቸው ሳለ፣ ከመሬት ተነሥተው፣

“ያቺ መኪና አንድ ጊዜ ብትወስደኝ ደስ ይለኝ ነበር” አሉ። “ተኝቼ አይደለም። ተኝቼ የሚወስደኝ ሌላ መኪና አለ፤ እሱ አይቀርም። ተቀምጬ።”

ካናኤ ማሸቷን ቀጠለች። በማግስቱ ግን መረቡን ከመኪናዋ ላይ አነሣች።

መኪናዋን የገፈፈቻት በጋሼ ቶኩጂ ጋራዥ ነው። ጋሼ ቶኩጂ ዕድሜ ልኩን ሚስቱን ሲያገባ ከለበሰው ልብስ በቀር ቀለም ያልነካው ልብስ ያልነበረው ቀለም ቀቢ ነው። ጋራዡን በነፃ ሲሰጣት “ለአንቺ አይደለም፣ ለእማማ ነው” ብሏታል። እሱንም ያዋለዱት እማማ ሺጌኖ ናቸው። ግን እሱ የተወለደው መኪናዋ ሳትገዛ በፊት ነውና፣ ነገር በመጣ ቁጥር “አንተ ዝም በል፣ አንተን በብስክሌት መጥቼ ነው ያወጣሁህ” ይሉታል። ይህ ነገር ያናድደዋል። የሱ እኩዮች ብስክሌት ናቸው፤ ታናናሾቹ መኪና።

ቀለሙ ሲነሣ ከሥሩ የጉድጓድ መሙያው ስቱኮ ወጣ፤ ከስቱኮው ሥር ዝገት፤ ከዝገቱ ሥር አንዳንድ ቦታ ምንም። ካናኤ ምንም የሌለበትን ቦታ በአዲስ ላሜራ ጣፈችው፣ ያለበትን ፋቀችው። ሰኔ ሲገባ መኪናዋ በሮቿ ወልቀው፣ ወንበሮቿ ወጥተው፣ ራቁቷን ጋራዡ መሐል ቆመች። ብርማ ነበረች። ካናኤ በዕድሜዋ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየችም፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ችግሩ ጣሪያው ነው። ጣሪያውና ኮፈኑ ከመፋቅ ብዛት ሳስተው፣ በጣት መታ ሲያደርጓቸው እንደ ብስኩት ጣሳ ይንቀጠቀጣሉ። እንዲህ ያለ ጣሪያ የሚሸጥበት ቦታ ደግሞ የለም፤ ጠይቃለች፣ ያልጠየቀችው የለም። ጋሼ ቶኩጂ ከውስጥ ሆኖ መብራት ይዞ አይቶ ሲወጣ፣ “አንድ ጊዜ እንደገና ከዛገች አለቀላት” አለ። “ከዚህ በላይ ብትፋቅ ፀሐይ ታሳልፋለች።”

ስለዚህ ያ ብርማ ገላ ለዘለቄታው የሚያድነውን የመጀመሪያ ልብስ ፈልጎ ቆመ። የሚለብሰውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ተጣሉ።

“እኔ የማውቀው ነካሹን ነው” አለ ጋሼ ቶኩጂ፣ ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አውርዶ። ነካሽ የሚለው አሲድ ያለበትን ቀጭን መነሻ ቀለም ነው። “ብረቱን ነክሶ ይይዘዋል። ሻይሽን ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ይደርቃል። አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ስረጭ አንቺ በሐሳብም አልነበርሽ።”

“እሱንማ ቆርቆሮው ላይ ካለው አቧራ አይቼዋለሁ።”

“ሳቂ።”

“ጋሼ፣ ነክሶ ይይዛል፣ እሺ። ግን ውሃም ይጠጣል። ላዩ ላይ ሌላ ቀለም እስኪደረብበት ድረስ እንደ ስፖንጅ እርጥበት እየመጠጠ ነው የሚቀመጠው። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ስቱኮ አለብኝ፣ ማለስለስ አለብኝ። ወር ሙሉ ልትቆም ትችላለች። ኢፖክሲ የሚባለው መነሻ ቀለም ይሻላታል። ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ ከደረቀ ውሃ ቢደፋበት ውሃ አያሳልፍም።”

“ከደረቀ! መቼ ነው እሱ የሚደርቀው? በዚህ አየር? ያንቺ ኢፖክሲ እስኪደርቅ ዝናቡ መጥቶ፣ ሄዶ፣ የረሳው ነገር ኖሮ ተመልሶ ይመጣል። ለመሆኑ ረጭተሽው ታውቂያለሽ?”

ካናኤ የጎማ መከለያ በሆነው አንድ ፓራፋንጎ ላይ ሞክራው ነበር። ፓራፋንጎው ጥሩ ሆኗል፤ ግን ፓራፋንጎ መኪና አይደለም።

“ሁለቱንም ብንደራርባቸውስ?” አለ ጋሼ ቶኩጂ ለማስታረቅ።

“የነካሹ አሲድ ኢፖክሲውን አያስደርቀውም። እንደ ሙዝ ልጣጭ ነው የሚገፈፈው። መምረጥ ነው።”

“እንግዲያው ጋራዡም የኔ፣ ኮምፕረሰሩም የኔ፣ መርጫውም የኔ ነው።”

“መኪናዋስ?”

“መኪናዋ የእማማ ናት!”

እማማ ሺጌኖ በዚያን ጊዜ በሩ ላይ ናቸው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጀርባቸውን አጉብጠው፣ በጨርቅ የተቋጠረ የሩዝ ድብልብልና የገብስ ሻይ ይዘው ይመጣሉ። በሩ ላይ የጥጥ ጓንት ተሰቅሏል፤ የሳቸው ነው። የሰው እጅ ላብ ባዶ ብረትን ያዝጋል፤ ካናኤ ስለዚህ ነገር ከአያቷም ጋር አትደራደርም።

“እኔ የስንቱን ገላ በባዶ እጄ የተቀበልኩ ሴት!” ይላሉ እማማ ሺጌኖ ጓንቱን እየታገሉ።

“ሰው አይዝግም፣ አያቴ።”

“ምን ታውቂያለሽ አንቺ? ጉልበቴን ጠይቂው።”

ካጠለቁት በኋላ ግን ወደ መኪናዋ ቀረብ ብለው፣ የእርጉዝ ሆድ እንደሚዳብስ ሰው፣ ኮፈኑን በሁለት እጃቸው ዳበስ ያደርጋሉ። ስለ ቀለሙ ሲጠይቋቸው “እኔ የማውቀው የላይኛውን ነው፤ የበሰለ የካኪ ፍሬ ዓይነት ብርቱካንማ ይሁንልኝ” አሉ። “የውስጡን እናንተ ተነካከሱበት።”

ተነካከሱ። ዝናቡ ግን አልጠበቃቸውም። ሬዲዮው ዝናቡ ከደቡብ ደሴቶች ተነሥቶ ወደ ላይ እየመጣ መሆኑን ይናገር ጀመር። ጋሼ ቶኩጂ ሰማዩ እንዲጠራ ልጆች መስኮት ላይ የሚሰቅሉትን ነጭ የጨርቅ አሻንጉሊት ሠርቶ፣ በስቱኮ በቆሸሸ ጣቱ ዓይን ሥሎለት፣ የጋራዡ በር ላይ ሰቀለው። ካናኤ ሳቀችበት። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱም እሷም አየሩን በቆዳዋ እያሸተተችው ነበር። ከባድ ነው፣ ይጣበቃል። ራቁት ብረት በዚህ አየር ብዙ አያድርም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ፈርታለች። ኢፖክሲው ባይደርቅስ? ቢያንጠባጥብስ? ያን ሁሉ ምላስ ይዛ፣ የአያቷን መኪና አበላሽታ፣ በምን አፏ ትናገራለች?

“እሺ” አለች በመጨረሻ፣ አንድ ማለዳ፣ ቀና ሳትል። “ነገ ከፋብሪካው እቀርና ነካሹን እንረጫለን።”

ጋሼ ቶኩጂ ማሸነፉን ማመን አቅቶት “አመመሽ እንዴ?” አላት።

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ የኢሳኩ ቀብር ነበር። ኢሳኩ፣ የአኩሪ አተር አይብ የሆነውን ቶፉ ሠሪው፣ መኪናዋ በተገዛች ሰሞን መጀመሪያ የመጣችለት ልጅ ነው። “በዚህች ዓለም ላይ የመጀመሪያው የመኪና ልጅ” እያለ ይኩራራ ነበር፤ ለእማማ ሺጌኖም በየዓመቱ በልደቱ ቀን፣ ስጦታ መቀበል ሲገባው፣ ቶፉ ይዞ ይመጣ ነበር። ልቡ ቆመ፣ እንዲሁ ሳይታሰብ። ጋሼ ቶኩጂና እማማ ሺጌኖ ጥቁር ለብሰው ሄዱ። ካናኤን የበረዶ ፋብሪካው እስከ ማታ አልለቀቃትም። ጋራዡ ተዘግቶ ዋለ፤ ቁልፉ እንደ ሁልጊዜው ከአበባ ማሰሮው ሥር።

በማግስቱ ጠዋት ካናኤ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ነገር ትርጉም አልሰጣትም። ጣሪያው ላይ፣ ኮፈኑም ላይ፣ ብርቱካንማ ጠቃጠቆ ወጥቷል። ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ፊት ይመስላል። ብርማው ገላ ጎኑ ላይ እንደ ትናንቱ ንጹሕ ነው፤ ከላይ ብቻ ነው የታመመው።

“ጋሼ!” ብላ ጮኸች።

ጋሼ ቶኩጂ ከጋራዡ ጎን ካለው ቤቱ የጥርስ ብሩሹን እንደነከሰ መጣ። አየና ብሩሹን አወጣ።

“ባሕሩ ነው” አለ። “የሌሊቱ አየር።”

“የሌሊቱ አየር ጎኗን ትቶ ጣሪያዋ ላይ ይወጣል? ጠብታ ጠብታ እየሆነ? ላብህን አንጠባጥበህባት ነው! ትናንት ማለዳ እላይዋ ላይ አጎንብሰህ ነበር!”

“እኔ ላብ? እኔ ላቤን ያንጠባጠብኩት አንቺን ለማስተማር ነው!”

“አላስተማርከኝም!”

“እሱንማ አያለሁ!” አለና ወደ ሰማዩ ዞረ። ከባሕሩ በላይ ያለው ደመና የድስት ቂጥ መስሏል። ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስሚኝ፣ አሁን መጣላት አይደለም። ቀለል አድርገን በወረቀት እንፈቅፍቀውና ነካሹን አሁኑኑ እንርጨው። የቀረውን ዝገት አሲዱ ይበላዋል። ዝናቡ ሳይደርስ ትለብሳለች።”

ልክ ይመስል ነበር። ካናኤ የብርጭቆ ወረቀቱን አንሥታ አንዱን ጠቃጠቆ ልትነካ ስትጎነበስ፣ ከመኪናዋ ጎማ ሥር አንድ ትንሽ ነጭ ወረቀት አየች። የመዳፍ ሩብ የምታህል፣ አፏ የተቀደደ ከረጢት። አነሣቻት። ማንም ኩሪሃማ ውስጥ ያለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃታል። ከቀብር የሚመለስ ሰው ቤቱ ከመግባቱ በፊት ደጁ ላይ ቆሞ ትከሻው ላይ የሚበትናት የጨው ከረጢት ናት፤ ሞት ተከትሎት እንዳይገባ።

ካናኤ ጣቷን ኮፈኑ ላይ ካለው ጠቃጠቆ አጠገብ አሳርፋ ወደ ምላሷ አመጣች።

“ጨው ነው” አለች።

“እኔ አይደለሁም!” አለ ጋሼ ቶኩጂ ቶሎ ብሎ። “እኔ የኔን ደጄ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ ነው የበተንኩት። ሚስቴን ጠይቂ። ደግሞ መኪና ጣሪያ ላይ ጨው የሚበትን ምን ዓይነት…” ብሎ ጀምሮ፣ ሳይጨርሰው ቆመ።

ሁለቱም በሩ ላይ ወደተሰቀለው የጥጥ ጓንት አዩ። ትናንት ጠዋት የግራው በስተግራ ነበር የተሰቀለው። አሁን ግን በስተቀኝ ነው።

ካናኤ ወረቀቷን ጨበጠቻት። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ላይ የተዘጋጀው ነገር ግን አያቷን ለመስደብ አልተሠራም። ዋጠችው። ጨው ጨው አላት።

“አሁን ነካሽ የሚባል ነገር የለም” አለች።

“ለምን? ፈቅፍቀን…”

“ጨው በወረቀት አይነሣም፣ ጋሼ። ስትፈቀፍቀው ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚገባው። በቲነርም አይለቅም። ላዩ ላይ ቀለም ብትቀባበት ከሥር ሆኖ ውሃ ይጠራል፤ ያንተ ነካሽ ደግሞ ውሃውን በር ከፍቶ ያስገባለታል። በዓመቱ ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል። ያኔ ለመፋቅ ጣሪያ የላትም።” ቃላቱን ስታወጣቸው እርግጠኛ እየሆነች መጣች። “ጨው የሚለቀው በውሃ ብቻ ነው።”

ጋሼ ቶኩጂ የሰማውን ማመን አልፈለገም። “ውሃ። በሰኔ። ራቁት ብረት ላይ። ውሃ።”

“ውሃ።”

“ለአርባ ዓመት ከውሃ ሳሸሽ የኖርኩትን ብረት፣ አንቺ ቁርጥ ባለ ቀን ባልዲ ይዘሽ…”

“ሌላ ካለህ ንገረኝ! እየሰማሁህ ነው!”

የለውም። ጨርቁን አንሥቶ፣ አስቀምጦ፣ እንደገና አንሥቶ፣ “ውሃ ስታፈሺባት ዓይናችን እያየ ነው የምትዝገው” አለ። እሱም እውነቱን ነው። ካናኤ ይህንን ታውቃለች። ቢታጠብ ይዝጋል፤ ባይታጠብ ከሥር ይበላል። የመኪናዋ ዕድሜ በእጇ ላይ ነበረ።

እማማ ሺጌኖ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ያለ ሰዓታቸው፣ በጠዋት። ዛሬ እንደምትቀባ ሰምተው ራቁቷን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩዋት መጥተው ነው። በሩ ላይ ቆመው ጓንታቸውን አጠለቁ፤ ከዚያ ቀና ሲሉ ጠቃጠቆውን አዩ።

“ምን ሆነች?”

“ባሕሩ ነው” አለች ካናኤ።

ጋሼ ቶኩጂም “ባሕሩ ነው፣ እማማ” አለ። አብረው ሲስማሙ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

እማማ ሺጌኖ ሁለቱን ተራ በተራ አዩዋቸው። ሚስቱ ስትወልድ ራሱን ስቶ የወደቀ ስንት ባል፣ በዚያ ዓይን ሲታይ “ደህና ነኝ” እያለ ተነሥቷል።

“ባሕሩ በጣሪያ አይገባም” አሉ። “እጅሽን ክፈቺ።”

ካናኤ እጇን ከፈተች። የተጨማደደችው ወረቀት ወጣች።

አሮጊቷ ወረቀቷን ቀረብ ብለው አዩዋት። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ “ጓንቴን አድርጌ ነበር” አሉ።

ጋሼ ቶኩጂ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከኋላ አይታወቅም።

“አውቃለሁ፣ አያቴ” አለች ካናኤ።

“ኢሳኩን ያመጣነው እኔና እሷ ነን። የመጀመሪያዋ ነበር፤ ማርሽ መቀየር እንኳ አልለመድኩም። እናቱ ቤት እስክንደርስ መንገዱን ሁሉ እየዘለለች ነው የሄደችው። ትናንት ሲሸኙት፣ ሞት አሁን መንገዱን ተማረ ብዬ ፈራሁ። ከኢሳኩ ተነሥቶ በመጣችበት ጎዳና ቢመለስ፣ የሚያገኘው እሷን ነው። ልብስ እንኳ የላት፣ ራቁቷን ቆማ።” ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን አየት አደረጉት። “ከረጢቷ ትንሽ ናት። ሁሉንም ለእሷ በተንኩት።”

“ለራስሽስ?”

“ለኔ ምን ያደርግልኛል?”

ካናኤ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች። እማማ ሺጌኖ ግን ከሐዘናቸው ቶሎ ነቃ ብለው፣

“አሁን ምን ይሻላታል?” አሉ።

“መታጠብ አለባት። ግን ውሃው ሳይደርቅ ያዝጋታል።”

“በምን ልታጥቢያት ነው?”

“በቧንቧ ውሃ።”

“በቀዝቃዛ?” አሉ እማማ ሺጌኖ፣ ድምፃቸውም ተለወጠ። ካናኤ ይህን ድምፅ ሰምታው አታውቅም፤ የሠፈሩ ትልልቅ ሴቶች ግን ይነግሯት ነበር። “አሁን የወጣ ራቁት ገላ በቀዝቃዛ ውሃ የሚያጥበው ማነው? ቶኩጂ!”

“እመት!”

“ማሰሮ፣ ጀበና፣ ባልዲ፣ የሚሞቅ ነገር ሁሉ ጣድ። ሚስትህን ጥራ። ከመታጠቢያ ገንዳህ ሥር እሳት አንድድ። ካናኤ፣ ፎጣ። የተቀቀለ፣ ንጹሕ፣ ብዙ። አንድ ሰው ያፈስሳል፣ አንድ ሰው ከኋላው እየተከተለ ያደርቃል፤ እርጥብ ነገር ላይ ነፋስ እንዳያርፍ። ቁራጭ ቁራጭ አድርጋችሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያረጠበ ወዮለት።”

ካናኤ ገባት። የፈላ ውሃ ብረቱን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ብረት ራሱን ቶሎ ያደርቃል። ኮምፕረሰሩ ከኋላ አየር ቢነፋበት ደግሞ ዝገቱ ለመጀመር ጊዜ የለውም። መጽሐፍ ላይ ስለ ጨው አንብባ ነበር፤ ስለ ትኩስ ውሃ ግን መጽሐፉ አልነገራትም፤ ወይም እሷ ያንን ገጽ ዘላዋለች።

“በብስክሌት የመጣህ!” አለች እየሳቀች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሆኖ። “ቆመህ ታያለህ እንዴ? እሳቱን!”

ያን ጠዋት የጋሼ ቶኩጂ ጋራዥ ጋራዥ አልነበረም። እንፋሎቱ እስከ ጎዳናው ወጣ። ጋሼ ቶኩጂ ከጣሪያው ጀምሮ ያፈስሳል፤ በየባልዲው “ይቅር በሉኝ” ይላል፣ ለማን እንደሆነ ባይታወቅም። ካናኤ በአንድ እጇ አየር ትነፋለች፣ በሌላው በፎጣ ታባብሳለች። እማማ ሺጌኖ በተገለበጠ የዓሣ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፤ “አንገቷ ሥር! እዚያ ነው ሁልጊዜ የሚረሳው!” ይላሉ፣ በመስታወቱ መግጠሚያ ዙሪያ ያለውን ጎድጎዳ እያመለከቱ። እውነትም እዚያ ውሃ ተቋጥሮ ነበር።

ኮፈኑ ላይ ስስ ቢጫ ጥላ ሊነሣ ሞከረ። ካናኤ ብረቱ ገና ትኩስ እንዳለ እሱንም የጨው ጠቃጠቆውንም በሻካራ ጨርቅ አሸች፣ ጠፉ። ጣሪያውን ጨርቅ በጠቀለለችበት ጣቷ እየዳሰሰች ሄደች፤ የሳሳ ነው፣ ግን አለ። ጨርቁንም ወደ ምላሷ አመጣችው። ጋሼ ቶኩጂ ያንን አይቶ “ጣፈጠ?” አላት።

“ምንም አይልም” አለች። እንደዚያ ደስ ያላት ቀን የለም።

ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የኢፖክሲውን ሁለት ቆርቆሮ አውርዳ መሐል ላይ አስቀመጠቻቸው። ጋሼ ቶኩጂንም አየችው። እሱ ደመናውን አየ፤ ከዚያ የደረቀውን፣ የሞቀውን፣ ንጹሑን ብረት ጨርቅ በያዘ እጁ ነካ አደረገው።

“ሞቃለች” አለ ቀስ ብሎ። “ሞቅ ያለ ብረት ላይ ይሄ ያንቺ ጉድ ቶሎ ይይዛል ማለት ነው?”

“ይይዛል።”

“እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? እንድትቀዘቅዝ?” ብሎ መርጫውን ከግድግዳው አውርዶ ሰጣት። በዕድሜው መርጫውን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። “አፍንጫውን እንዳትዘጊው። እጅሽን ከምላስሽ አታዘግዪው።”

ካናኤ ማጠንከሪያውን ቀላቀለች፤ በቀስታ፣ አረፋ እንዳይወጣው። ከጣሪያው ጀመረች። ግራጫው ልብስ ብርማውን ገላ እየሸፈነ ሲወርድ፣ እማማ ሺጌኖ ከበሩ ውጭ ቆመው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው አዩ። የተወለደ ልጅ ሲጠቀለል የሚያዩበት አስተያየት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ካናኤ ቤቷ ሄዳ ከወጥ ቤት አንድ እፍኝ ጨው ይዛ መጣች። አያቷን ከጋራዡ አርቃ፣ መንገዱ ዳር አቆመቻቸውና ትከሻቸው ላይ፣ አንዱ ላይ ከዚያም ሌላው ላይ፣ በተነችው።

“የትናንት ነው እኮ፣ አርፍዷል” አሉ እማማ ሺጌኖ።

“አላረፈደም። ዝም ብለሽ ቁሚ።”

ዝናቡ ትንሽ ታገሣቸው። ምናልባት አሻንጉሊቱ ሠርቶ ይሆናል፤ ጋሼ ቶኩጂ እንደዚያ ይላል። ኢፖክሲው በጥፍር ሲጫኑት እንደ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ጋሼ ቶኩጂ በየማለዳው በጥፍሩ ጫን እያደረገ፣ “ገና ነው” ለማለት ምክንያት ሲፈልግ ሰነበተ። አንድ ቀን አጣ።

“እሺ” አለ። “ደርቋል። ደስ ይበልሽ።”

ካናኤ ጓንቱን ከበሩ አውርዳ ኪሷ ከተተችው። እማማ ሺጌኖ እጃቸውን ወደሚሰቀልበት ዘርግተው አጡት።

“ባዶ እጅሽን ነው” አለች ካናኤ።

አሮጊቷ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፤ አላነሡትም። ከዚያ ካናኤ ከሌላው ኪሷ አንዲት ትንሽ ነጭ ከረጢት አውጥታ ሰጠቻቸው።

“ምን ላርግበት?”

“የፈለግሽውን። አሁን ትችያለሽ።”

እማማ ሺጌኖ ጣሪያው ላይ ሲበትኑት ጋሼ ቶኩጂ ዓይኑን ጨፈነ። ጨው ግራጫው ላይ ተንኮለለ፣ ቆመ። ውጭ ደግሞ የመጀመሪያዋ ጠብታ መንገዱ ላይ ወደቀች፤ ሁለተኛዋም።

“በሩን ክፈተው፣ ጋሼ” አለች ካናኤ።

“አብደሻል!”

“ልብስ ከለበሰች ለምን ትፈራለች? ግፋ!”

የዓሣ ሳጥኑን መሪው ካለበት ጎን አስገብታ፣ ላዩ ላይ ትራስ አድርጋ፣ አያቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ሞተር የለም፣ መስታወት የለም፣ በር የለም። ሁለቱ ከኋላ ገፏት። ጎማዎቹ እያንቋረሩ ወደ ባሕሩ ዳር መንገድ ወጣች። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ወረደ፤ ጨዉን አጥቦ ወሰደ፤ ራሱም በድቡልቡል ጠብታ እየተንኮባለለ ወደቀ፣ አንዱም ወደ ውስጥ አልገባም። እማማ ሺጌኖ በሁለት እጃቸው መሪውን ይዘው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ከዓሣ ሻጩ ቤት በላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ራሱን አውጥቶ፣ ከግራጫዋ መኪና ወደ ውስጥ ያለችው ሴትዮ፣ ከሴትዮዋ ወደ መኪናዋ ሲያይ ቆየ።

“የማነው ተራ?” ብሎ ጮኸ።

“የራሴ ነው!” አሉ እማማ ሺጌኖ። “ተቀምጬ ነው የምሄደው!”

ከኋላ ጋሼ ቶኩጂ እያለከለከ፣ “ከላይ ለምትለብሰው የካኪ ፍሬ ቀለም ግን” አለ፣ “እኔ የማውቀው…”

“ግፋ፣ ጋሼ” አለች ካናኤ።